ከሞተሩ እስከ ጆሮዋ

የመዳብ ቱቦው አንድ ጫፍ ከሞተሩ ጎን በብሎን ታስሯል። በሌላው ጫፍ ረጅም ጎማ ተቀጥሎበት፣ በመሪው ስር ሾልኮ ይገባና እናትየው ራስ ላይ የተደፋው የጆሮ መሸፈኛ ውስጥ ያልቃል። መሸፈኛው ግሪስ ግሪስ ይሸታል። እናትየው ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበች ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ሞተሩ እኮ ገና አልተነሳም» አለች ልጅቷ መሪውን እንደያዘች። «መተንፈስ ትችያለሽ።»

«አንቺ መንገዱን እይ።»

«ቆመናል እኮ!»

ልጅቷ መኪና ጠጋኝ ናት። ይህችን አሮጌ መኪና በትርፍ ጊዜዋ ስትፈታና ስትገጥም ከርማ አሁን ቱርቦ ተክላባታለች። እሁድ የዳገት ውድድር አለ። እናትየው እሁድን ባሰበች ቁጥር የሚታያት ገደል ብቻ ነው። መንገዱ ገደል ይኑረው አይኑረው ጠይቃ አታውቅም፤ ብቻ ይታያታል፤ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ የተገለበጠ መኪና፣ ጎማዎቹ ገና ሲሽከረከሩ።

ትናንት ልጅቷ «ሞተሩን የምታዳምጭልኝ አንቺ ነሽ» ስትላት እምቢ ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘግታዋለች። ሌላ ሰውም አልነበረም። ልጅቷ ትነዳለች። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ብሎን ደግሞ ዕድሜያቸውን በመዶሻና በሞተር መሃል አሳልፈው ጆሯቸው ከድቷቸዋል፤ ስልካቸው ሲጮህ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚነግራቸው። እናትየው ግን ልጇ ማታ ስትገባ ከቁልፉ ድምፅ ብቻ ከሰው ተጣልታ ይሁን ርቧት ይሁን ለይታ ታውቃለች።

ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ነገሩን አስረድተዋታል። እናትየው ያልገባትን ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም።

«ሻንጣ ስትሸክፊ አስቢው» አለቻት ልጅቷ። «ፒስተኑ ክዳኑ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጫነው ሰው ነው። የኔ ፒስተኖች አናታቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ዘጠኝ ስኒ ተኩል አየር ጨምቀው አንድ ስኒ ያደርጉታል። እነዚያ ጋሽ ብሎን ያመጧቸው ጎድጓዳ ናቸው፤ ቦታ ስለሚተዉ የሚጨምቁት ስምንቱን ነው።»

«ቱርቦውስ?»

«እሱ ልብሱን፣ ማለት አየሩን፣ የሚጠቀጥቅልሽ ነው። ክዳኑን አጥብቀሽ የምትዘጊ ከሆነ ብዙ አትጠቀጥቂም። ላላ የምታደርጊው ከሆነ ደግሞ ትጠቀጥቂያለሽ።»

«ሁለቱንም ካበዛሁትስ?»

«ሙቀቱ ይበዛና ቤንዚኑ ተራው ሳይደርስ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ያኔ ያንኳኳል።»

«ካንኳኳስ?»

«ፒስተን ይበሳል» አሉ ጋሽ ብሎን ከወዲያ። ይህችን ብቻ እንዴት እንደሰሟት እንጃ።

ጋሽ ብሎን «ጎድጓዳዎቹን እናስገባና የቱርቦውን ግፊት ከፍ እናድርግ» ባይ ናቸው። ልጅቷ ደግሞ ጠፍጣፋዎቹን አለቅም ብላለች፤ እነሱ ካሉ ቱርቦው ገና ሳይነቃ እንኳ መኪናዋ ዳገት ላይ አትለግምም። ሲከራከሩ ሰንብተው አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። ሞተሩ ጠፍጣፋዎቹን እንደያዘ የዜሮ ነጥብ ሰባት ባር ግፊት ሳያንኳኳ ከቻለ ባለበት ይቆያል። ካልቻለ የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው፣ ወልቆ ፒስተኖቹ ይቀየራሉ፤ ያ ቀናት ይፈጃል፤ እሁድም ያልፋል።

እናትየው ጆሮ ውስጥ የቀረችው ግን የመጨረሻዋ ቃል ናት። እሁድም ያልፋል። እሁድን ለማስቀረት አንዲት ቃል ትበቃለች፤ «አንኳኳ» ማለት ብቻ። ሰማችም አልሰማችም።

ጋሽ ብሎን ትናንሽ ብሎኖች ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጨምረው ጆሮዋ ሥር አንቀጫቀጩላት። «የምትሰሚው ይኸን ነው፣ እህቴ። ግን ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ።»

ዳገቱ ያለው ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ጓሮ ነው። ጥበቃው በሩን ዘግቶላቸዋል፤ ሰውም መኪናም አያልፍም። ጋሽ ብሎን ከግርጌው ቆመው ግፊቱን በካቻቢቴ አዙረው በነጥብ አራት አስጀመሩትና ኮፈኑን ከደኑ።

መኪናዋ ስትወረወር እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። የጠበቀችው ነጎድጓድ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ባንድ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የሚተነፍስ የሚመስል፣ ጥልቅ፣ የማያቋርጥ ድምፅ። በላዩ ቀጭን ፉጨት እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ዳገቱ አናት ላይ በረደ።

ተመልሰው ሲወርዱ «ምን ሰማሽ?» አለች ልጅቷ።

«አንኳኳ» የሚለው ውሸት እናትየው ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። «አንድ የሚያፏጭ አለ። እሱ ምንድን ነው?»

«ቱርቦው ነው። አንኳኳ?»

«አይ። ከሥሩስ ቶሎ ቶሎ የሚለው?»

«እማ!»

«አላንኳኳም አልኩሽ። ይጨመር።»

ከአፏ ካወጣችው በኋላ ራሷ ደነገጠች። ብቻ ያ ፉጨት ከቆመበት ቦታ ወዲያ ምን እንዳለ ማወቅ አማራት።

በነጥብ ስድስት ሲወጡ ዓይኗን አልጨፈነችም። ትንፋሹ ወፈረ፣ ፉጨቱ ቀጠነ፤ ጣሳው ግን የለም። «አላንኳኳም» አለች፣ ሳትጠየቅ።

«በነጥብ ስምንት እንሞክረው» አለች ልጅቷ ፊቷ በርቶ። «እሱን ከቻለ ለሰባቱ ሐሳብ የለብንም።» ጋሽ ብሎን ከንፈራቸውን አጣመሙ፤ ቢሆንም ካቻቢቴያቸውን አነሱ።

የዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ መጣ። ከትንፋሹ ሥር፣ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ሰው ጣሳውን ነካ አደረገው። ደገመው።

«አንኳኳ! እግርሽን አንሺ!»

ልጅቷ እግሯን አነሳች። መኪናዋ በራሷ ጥቂት ተንከባልላ መንገዱ ዳር ቆመች። ልጅቷ ሞተሩን አጠፋችና ወደ እናቷ ዞረች።

«አንኳኳ ወይስ ፈራሽ?»

እናትየው መሸፈኛውን ከጆሮዋ አወረደች። «ሁለቱም» አለች። «ግን የቀደመው ማንኳኳቱ ነው።»

ልጅቷ እናቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ግንባሯን መሪው ላይ ደገፈች። «በቃ። ስምንት ላይ ካንኳኳ ሰባትንም አላምነውም። ጎድጓዳዎቹ ይገባሉ። እሁድም ቀረ።»

እነሆ፣ የመጣችበት ነገር ሞላላት፤ ያውም ሳትዋሽ። አሁን ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን የልጇን ማጅራት፣ እዚያ ላይ የደረቀችውን የዘይት ጠብታ እያየች ሌላ ነገር ታወጣለች፣ ታወርዳለች።

«በነጥብ ስድስት ዝም ብሎ ነበር» አለች።

«እህ።»

«በስምንት ጮኸ።»

«እማ፣ ገብቶኛል።»

«ሰባትን እኮ አልሰማሁትም።»

ልጅቷ ቀና አለች። የምትቀልድ መስሏት ፊቷን መረመረችው፤ ቀልድ አጣችበት።

ግርጌው ሲደርሱ ጋሽ ብሎን ፊታቸውን አይተው ያለቀ ነገር መስሏቸው ኮፈኑን ከፈቱ። እናትየው በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ትንሽ ይቀንሱት!» ስትል ጮኸች። አልሰሟትም። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ትንሽ ክፍተት ትታ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ክፍተቷን አተኩረው ተመለከቱ፤ ካቻቢቴያቸውን ያንኑ ያህል መልሰው አዞሩት።

መሸፈኛውን ደፋችው። ጋሽ ብሎንም፣ ነፋሱም፣ የጥበቃው ሬዲዮም ባንዴ ጠፉ። ገደሉ ግን አልጠፋም፤ የተገለበጠው መኪና ጎማዎች አሁንም ይሽከረከራሉ። እስቲ ዞር በሉልኝ አለቻቸው በሆዷ፣ ልስማበት።

«ንጂ።»

መኪናዋ ዳገቱን ያዘች። ትንፋሹ ወፈረ። ፉጨቱ ወጣ፣ ቀጠነ፤ የግፊቱ ጌጅ ላይ ቀስቷ ነጥብ ስድስትን አለፈች። ልጅቷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ የጠየቀችውን ለማወቅ መስማት አያስፈልግም።

እናትየው ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አንድ ጣቷን አነሳች። ቆይ፣ እየሰማሁ ነው።