በሌላ እጅ የተሞሉ ወረቀቶች

ደሚያና የመጨረሻዎቹን ሁለት ወረቀቶች ስትጨምር ሠላሳ አንድ ሆነ። ደግማ ብትቆጥርም ያው ነው።

"ሃያ ነበር መሆን የነበረበት፣ አባ" አለች።

ከአባ ሉቃ ጋር የተቀመጡት በግብፅ፣ በአስዩት ከተማ፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ነው። ከፊታቸው እጮኛሞች ከጋብቻ በፊት የሚሞሉት የጠባይ መጠይቅ አለ፤ የመቶ ጥንድ። አርባ ወንዶችና ሃምሳ ሴቶች ዝምተኞች ናቸው። ጥንዶቹ ጠባይ ሳይመርጡ እንደ ዕጣ ቢገናኙ ኖሮ፣ ከአርባዎቹ ወንዶች ዝምተኛ ሴት የምትደርሰው ለእኩሌታው፣ ለሃያው ነበር፤ የደረሰቻቸው ግን ሠላሳ አንድ ናቸው። የሒሳብ መምህርቷ ደሚያና ይህን እንድታሰላ የጠየቋት አባ ናቸው።

"እንግዲህ ቢጤ ቢጤውን ይፈልጋል ማለት ነው" አሉ አባ ደስ ብሏቸው። "እሑድ ለእጮኛሞቹ እነግራቸዋለሁ። ያንቺና የቂሮሎስም እዚያው ውስጥ ነው። ሁለት ዝምተኛ! ቤታችሁ ገዳም ሊሆን ነው።"

ደሚያና ግን ወረቀት ሞልታ አታውቅም፤ ስትቆጥርም 'ዝም' የሚለውን ቃል ብቻ ስለፈለገች ስሞቹን ልብ አላለችም። ስሟ ያለበትን ፈልጋ አወጣች። "ስትቆጪ ምን ታደርጊያለሽ?" ይላል ጥያቄው።

"ዝም ትላለች" ይላል መልሱ።

በቂሮሎስ ወረቀት ላይ ደግሞ በዚያው የእጅ ጽሕፈት "ዝም ይላል" ተብሏል። ሌሎቹን አገላበጠች። "ትታገሣለች።" "እናቱን ያማክራል።" የሰባ ጥንዶች ወረቀት እንዲህ፣ የሁለቱም በአንድ እጅ ተሞልቶ ነበር።

"እናቶች ናቸው፣ ልጄ" አሉ አባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የሠርጉን ቀን ሊያስይዙ ሲመጡ ወረቀቱን የምንሰጠው ለወንዱ እናት ነው።"

ደሚያና ወደ በረንዳው ወጥታ ለቂሮሎስ ደወለች።

"እማዬ ናት የሞላችው፤ ሥራ ላይ ነበርኩ" አላት። "ምን አጠፋች?"

"እኔ ስቆጣ ዝም እላለሁ እንዴ?"

"እኔ እንጃ። ግን ሦስታችን አንድ ቤት ልንኖር አይደል? ከእማዬ ጋር እንኳ ዝም ብትዪ ይሻልሻል።"

"አንተስ? እሷና እኔ ስንጋጭ ምን ትላለህ?"

"አሁን ይሄን ምን አመጣው፣ ደሚያና?"

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በእነሱ ዘንድ ጋብቻ አንዴ ከታሰረ አይፈታም።

ተመልሳ ሰባዎቹን ወደ ጎን ገፋችና የቀሩትን፣ እጮኛሞቹ ራሳቸው የሞሏቸውን ሠላሳ ጥንድ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ዝምተኛ ወንዶች፣ አሥራ አምስት ዝምተኛ ሴቶች። በዕጣ ቢሆን ስድስቱ ይገናኛሉ። የተገናኙትም ስድስት ናቸው።

"ቢጤ ቢጤውን አልፈለገም፣ አባ። እናቶቹ ናቸው ለልጃቸው የሚመኟትን ሴት የጻፉት።"

"ታዲያ እሑድ ምን ልበላቸው?"

ደሚያና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርግ ቀኖች ሰሌዳ ተመለከተች።

"የኛን ቀን ለሌላ ሰው ይስጡት" አለች።

አባ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለቂሮሎስ እናት ነግረሻታል?"

እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንስታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ስሟንም ራሷ ሰረዘችው።