በሮስኮ በር ላይ የተሰቀለው ጥቁር ጨርቅ

እኛ የኦሃዮ ሰዎች በር ላይ ጥቁር ጨርቅ ካየን ጥያቄ አናበዛም፤ ምግብ ይዘን ለቅሶ እንደርሳለን። ያን ጠዋት በጎረቤቴ በሮስኮ ስታውፈር በር ላይ ጨርቁን ሳይ ክው አልኩ፤ ለቤቴ የጋገርኩትን የፖም ኬክ ይዤ ሮጥኩ። ከኋላዬ ግማሹ ሰፈር ድንችና የአሳማ ሥጋ ተሸክሞ ይመጣል።

«ማን ሞተብህ አንተ?»

«እህቴ አልታ።»

«ምን ነካህ ሰውዬ! ትናንት አይደል እንዴ ያገባችው? እኔው ራሴ እንደ ሠርግ ወጋችን ሩዝ በትኜባት!»

«ለእኔ ሞታለች» አለና ኬኩን ተቀብሎ በሩን ዘጋብኝ።

አይ የሰው ውለታ ቢስ! እሱና ሟቹ ወንድሙ ሂራም የበቆሎ መፈልፈያ መኪና ሠርተው ስማቸው አገር ያዳረሰው በማን ሆነና? ብረቱን በአስተማሪነት ደሞዟ የገዛች አልታ። ገበሬው ሊያይ ሲመጣ ሁለቱ ዓይናፋሮች ጎተራ ውስጥ ይደበቃሉ፤ መኪናውን አስነስታ የምታሳይ አልታ። ሂራምን በታይፎይድ ያስታመመች፣ ዓይኑን የከደነች እሷው። ጋዜጣው የወንዶቹን ፎቶ ብቻ ሲያወጣ እንኳ ቆርጣ ግድግዳ ላይ ለጠፈችላቸው እንጂ አላኮረፈችም። ወጣትነቷ እዚያ ቤት አለቀ። ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ አንድ ደግ ሰው ብታገባ በዛባት?

ሮስኮ ግን መንገድ ላይ ሲያያት እንኳ ይሻገር ነበር። ባገባች በሦስተኛው ክረምት አልታን የሳንባ ምች ጣላት።

«ሚርትል፣ አንዴ ይምጣልኝ» አለችኝ። «ባያናግረኝም ግድ የለም፤ ፊቱን ልየው።»

ሄድኩለት። «አንተ ድንጋይ! እህትህ እየሞተች ነው፤ ኮትህን ልበስ!»

ኮቱን አነሳው፤ መልሶ ሰቀለው። «ነገ» አለኝ።

ያን ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር አልታ ፀጉሯን ታስተካክላለች። የሚገባው ግን ሐኪሙ ይሆናል፤ ወይ ቄሱ ይሆናል። አመሻሽ ላይ እጇ ፀጉሯ ላይ እንዳለ አረፈች። እጇን እኔ ነኝ ያወረድኩላት።

በማግስቱ ሮስኮ ተላጭቶ፣ ባርኔጣውን ይዞ መጣ። ባሏ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሲያስር ደረሰ። ከደጁ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ በራሱ በር ላይ ያንኑ የድሮውን ጨርቅ ሰቀለ። ከመስኮቴ አየዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህን ደርድሮ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል። አንጀቴ አልቻለም፤ የጋገርኩትን ኬክ አንስቼ እስከ በሬ ሄድኩ። ግን ፀጉሯ ላይ የቀረው የአልታ እጅ ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

እስኪመሽ ጠበቀ። ማንም አልሄደለትም። የአልታን ለቅሶማ እሱ ቤት አንዴ ደርሰናል።