ጎታው የፈረሰ ለት

ወንድሜ ገብረ አምላክ ምላሱ ማር ነው። በ1956 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ መጥቶ፣ «እታለም፣ የእማዬን ቤት ቆርቆሮ ላለብስልሽ ነው» ሲለኝ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ያኔ ሰቆጣ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ያለው በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ደግሞ ባሌን ፈትቼ የገባሁት፣ እናቴንም እስክትሞት ያስታመምኩት በዚያ የሣር ቤት ነው። ከሱ ሌላ መግቢያ የለኝም።

«ክዳኑ ሲነሳ ጥላሸቱ ዕቃውን ሁሉ ያበላሸዋል» አለኝ። «ይሄን ሁሉ አሮጌ ምን ታደርጊዋለሽ? ለእማዬ ነፍስ ይሁን ብለሽ ለጎረቤት ስጪው። አዲሱን እኔ አመጣልሻለሁ።»

እኔ ሞኟ ሰጠሁ። እንስራውን ለወለተ ሚካኤል፣ የጠፍር አልጋውን ለካሳ ሚስት፣ ድስቱንና ወፍጮውን አጥር ለምትጋራኝ ለእናትነሽ። የሰዎቹ አቀባበል ግን ሌላ ነበር። ወለተ ሚካኤል ትከሻዬን ስማ አለቀሰች። የካሳ ሚስት «በጸሎትሽ አስቢን» አለችኝ። ለአሮጌ አልጋ ይሄ ሁሉ እንባ ምንድን ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የእህሉ ጎታ ብቻ ቀረ። እናቴ ከጭቃና ከጭድ እቤት ውስጥ የሠራችው ስለሆነ በበር አይወጣም፤ ወይ ይኖራል ወይ ይፈርሳል። ሆዱ ላይ የጣቶቿ ምልክት እንዳለ ነበር። ወንድሜ መጥረቢያ አቀበለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ መታሁት።

በማግስቱ ጧት ባዶውን ቤት ስጠርግ ነጋዴው ዑስማን ገመድ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የመደርደሪያውን ቦታ ልለካ ነው» አለ።

መነኩሲት ከኋላዬ የቆመች መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም።

«ማንን ነው እማሆይ የምትለው?»

ዑስማን ደነገጠ። «ወንድምዎ ነዋ! ልትመነኩስ ነው፣ ያላትን ሁሉ መጽውታ ገዳም ልትገባ ነው፣ ቤቱን ለሱቅ ውሰደው ያለኝ። ሰፈሩም የሚያወራው ይሄንኑ ነው። ወላሂ፣ እኔ ሌላ አላውቅም።»

ለካ ዕቃውን እንዲህ የሚበትን የሚመነኩስ ሰው ነው። እኔ ቤቴን ባዶ ሳደርግ ሰፈሩ እየተሰናበተኝ ኖሯል። የአንድ እናት ጡት የጠባን ልጆች! ከባዕድ ቢመጣ እንዲህ ባልተቃጠልኩ።

ገብረ አምላክ ከሰዓት በኋላ በቅሎ ስቦ መጣ። በእጁ የመነኩሴ ቆብ ይዟል።

«ብቻሽን ምን ልትሆኚ?» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «እዚያ ትጦሪያለሽ። ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ፣ ከሰው ሁሉ ለእኔ ብቻ ያልነገርከው ለምንድን ነው?»

ቆቡን ነጥቄ የራሱ ራስ ላይ ደፋሁለት። «አንተ መንኩስ! ኃጢአቱ ያለው አንተ ጋ ነው።»

ጩኸቴን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዑስማንም ሰው ተታሎ የሚወጣበት ቤት አልገባም ብሎ ላከበት።

ቤቱ ቀረልኝ። ዕቃው ግን ለእናቴ ነፍስ የተሰጠ ነው፤ ለነፍስ የሰጡትን መልሱልኝ ማለት ነውር ነው። ሲመሽ ራበኝና ወደ እናትነሽ ሄድኩ።

«እናትነሽ፣ ድስት አውሺኝ» አልኳት።

የራሴኑ ድስት አውጥታ ሰጠችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። «ነገ እመልስልሻለሁ» ብያት ይዤው ገባሁ።