ከቤቱ በር እስከ ድልድዩ

ከቤቱ በር እስከ ድልድዩ አባቷ አሥራ አራት ጊዜ ሳለ። ርቀቱ አራት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ነው። የመኪናዋ መስኮቶች ዝግ ናቸው፤ ማራገቢያው ሦስተኛው ደረጃ ላይ፤ ውጭው ካፊያ። ድልድዩ አፍ ላይ ቀዩ መብራት ሲያቆማት ልጅቷ ቁጥሩን በትንሿ ደብተር ላይ አሰፈረች። ሥራዋ የሱቅና የፋርማሲ ሚዛኖችን መመርመር ነው፤ ያልተቆጠረ ነገር አይዋጥላትም።

መኪናዋ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት፤ ሞተሯ አይሰማም። የሚሰማው ማራገቢያውና ሳሉ ብቻ ነው። የፊት መስታወቱ ከውስጥ ስለሚደበዝዝ የመንገዱ መብራቶች ያበጡ ይመስላሉ፤ እግረኞቹ እግር የላቸውም፤ ጃንጥላዎች ብቻ ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ።

«ደመና ውስጥ የምንሄድ ይመስላል» አለ አባቷ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «ዛሬ ቅዳሜ አይደል?»

«ቅዳሜ ነው አባዬ።»

በደበዘዘው መስታወት ወደ ድልድዩ አየ። ከድልድዩ ማዶ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ፣ ታላቅ እህቱ ትኖራለች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስልክ አይሰማትም፤ ፊቱን ካላየች አላገኘችውም ማለት ነው። ድሮ በየቅዳሜው ይሄዱ ነበር። ከአራት ወር በፊት ግን የልጅቷ ታላቅ ወንድም «በዚህ ሳል? መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ? እስኪሻለው ድልድዩን እንዳትሻገሩ» ብሎ ቆረጠ። ሐኪሙ ሳንባው ንጹሕ ነው ብሏል። ሳሉ መኪና ውስጥ ብቻ እንደሚብስ ያወቀችው እሷ ናት፤ በቁጥር።

መብራቱ ሲለቃት ድልድዩን ትታ ወደ ግራ፣ ወደ ጋራዡ ታጠፈች። መካኒኩን ሁሉም «ጆሮ» ይሉታል፤ ድምፅ የሌላቸውን መኪኖች ሕመም በጆሮው ያገኛል ይባላል። አባቷን ደጅ ካለው ወንበር ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አስቀመጠና ጭንቅላቱን ወደ መኪናዋ አስገባ።

«ትጮኻለች እንጂ አትነፍስም» አለ። «የውስጥ አየር ማጣሪያውን መቼ ቀየርሽው?»

«ከአሥራ ሦስት ወር በፊት። ራሴ ነኝ የቀየርኩት። ተጽፏል።»

«ደብተርሽን አይደለም የጠየቅኩት፣ እህቴ።»

ከተሳፋሪው ፊት ያለውን መሳቢያ ነቀለ፤ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ጎተተ። መጀመሪያ የረጠቡ፣ የጠቆሩ የዛፍ አበቦች ወደቁ፤ መኪናዋ የምትቆምበት ዛፍ አበቦች ናቸው። ከዚያ የሻጋታ ሽታ መጣ። ከዚያ ማጣሪያው ወጣ፤ እንደ ወተት ነጭ፣ በስስ ላስቲክ እንደተጠቀለለ።

ጆሮ ወዲያ ወዲህ አገላብጦ አየው።

«ስጦታ ነው እንዴ? ሳትከፍቺው አስቀመጥሽው እኮ!»

ልጅቷ ላስቲኩን በጣቷ ነካችው። ያን ቀን እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ ነበር። አሻራዋ እንዳያርፍበት በጫፍ በጫፉ ይዛ፣ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት አስተካክላ፣ ፎቶ አንስታ ነው ያስገባችው። ላስቲኩ ከመጥራቱ የተነሣ አልታያትም። ከዚያ «ተቀይሯል» ብላ ስለጻፈች ማጣሪያውን ዳግም አልጠረጠረችውም።

«ምን ተገኘ?» አለ አባቷ ከወንበሩ።

ጆሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማጣሪያው አርጅቷል ልበላቸው? እኔ ምን ቸገረኝ።»

ካፊያው ቆርቆሮውን ይዳስሰዋል። አራት ወር፤ አሥራ ሰባት ቅዳሜ። በልቧ ቆጠረችው።

«ተወው» አለችና ማጣሪያውን ይዛ ወጣች። «አባዬ፣ ያስሳለህ እኔ ነኝ። ላስቲኩን ሳላወልቅ ነው የገጠምኩት። አየሩ በዚህ ማለፍ ሲያቅተው በሻጋታው በኩል ነው የመጣልህ።»

አባቷ ማጣሪያውን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስተኛው።  ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ ነበር።

«እናትሽ ሶፋውን ስድስት ዓመት በላስቲኩ አላስቀመጠችም? እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር ሲንኮሻኮሽ! እንዳይቆሽሽ ነው ትለኝ ነበር። አንቺማ የማን ልጅ ነሽ?»

«አባዬ፣ እኔ እየነገርኩህ ያለሁት…»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ሰምቻለሁ።» እጇን ያዘ። «አሁንስ ይሠራል?»

ጆሮ የማጣሪያውን ሳጥን በሻጋታ ማጥፊያ መድኃኒት አጥቦ፣ በነፋስ አደረቀና አዲስ ማጣሪያ አመጣ። «ይሄን ላስቲክ ግን አንቺው ቅደጂው፤ እኔ እያየሁ» አለ። ቀደደችው። ማራገቢያው ሲከፈት ጩኸቱ የለም፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ብቻ። የመስታወቱ ጉም ከታች ወደ ላይ እየሟሸሸ ሄደ፤ ጃንጥላዎቹ ሰው አበቀሉ፣ ሰዎቹ እግር።

ከመነሳቷ በፊት ደብተሩን ከአሥራ ሦስት ወር በፊት ወዳለው ገጽ መለሰች። «ተቀይሯል» የሚለውን ሰርዛ «አልተቀየረም፤ ስህተቱ የእኔ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጀርባዋን ለድልድዩ ሰጥታ ወደ ቤት ነዳች። አባቷ ድልድዩ ሲርቅ በጎን መስታወቱ አየ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቀበቶውን ሊፈታ እጁን ላከ።

«አትፍታው» አለችው።

«ደረስን እኮ።»

«ልኬቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከጋራዡ ብንነሳ አይቆጠርም።» መኪናዋን አዞረች። መስኮቶቹን ዘጋች፤ ማራገቢያውን ሦስተኛው ደረጃ ላይ አደረገች።

«አንቺ ልጅ መቼም» አለ አባቷ፤ ግን ባርኔጣውን ከጉልበቱ አነሳ።

መንገዱ ያለ ድምፅ ከሥራቸው ፈሰሰ። ድልድዩ አፍ ላይ ስልኳ ጠራ፤ ወንድሟ ነው። ሳታነሳው ስልኩን ገለበጠችው። ወደ ግራ የሚያዞራትን ፍሬቻ ሳታበራ ቀጥ ብላ ድልድዩ ላይ ወጣች።

«ስንት ደረሰ?» አለ አባቷ፣ ባርኔጣውን ራሱ ላይ እያደላደለ።

«አራት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ» አለች። «ሦስት ሳል ብቻ።»