ለውሰት የማይሆን ማይክ

«እንግዲህ ይቅር ብያለሁ» አለች ንግሥቴ፣ ሦስቱ እንግዶች ገና በወጉ ሳይቀመጡ።

ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ማንን?» አሉ አያ አዛናው።

ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቅዳሴ መልስ ነው። አያ አዛናው የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ሸጋዬ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የእድሩን ሞንታርቦ ተሸክሞ ከድንኳን ድንኳን የሚዞረውም እሱ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በእሑድ ቀን በር ካንኳኩ፣ ወይ ልጅ ሊጠይቁ ነው፣ ወይ ይቅርታ ሊለምኑ። ንግሥቴ የጋብቻውን ነገር ከተወችው ቆይታለች። ስለዚህ ይቅርታው ነው ብላ ደመደመች። ጠላውን ስትቀዳም ፊቷን ኮስተር አደረገች፤ ይቅርታ የሚለመን ሰው ትንሽ መኮሳተር አለበት። ግን ኩርፊያ አልፈጠረባትምና ገና ሳይለምኗት ይቅር አለቻቸው።

«ማንን ይላሉ እንዴ አያ? እናንተን ነዋ! ያን ማይኬን ስላበላሻችሁብኝ።»

ሸጋዬ የጠላውን ብርጭቆ ብድግ አድርጎ ፊቱን ሸፈነበት።

«እሱማ…» አሉ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሱስ ያለፈ ነገር ነው። እኛ የመጣነው በአያ ዘሩ ተዝካር ጉዳይ ነው። ረቡዕ አይደል? የእድሩ ማይክ እንደምታውቂው ከሞተ ሰንብቷል። አንቺ ደግሞ አዲስ መግዛትሽን ሰማንና…»

የንግሥቴ እጅ ጆጉ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ልትዋሱኝ ነው የመጣችሁት?»

«ልንዋስ» አሉ አያ አዛናው፣ እንደ ቀላል።

ንግሥቴ ጆጉን አስቀመጠችው። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፤ የሚያውቃት ሰው ቢሆን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጫማውን ይፈልግ ነበር።

ንግሥቴ በወረዳው አንድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት። ከሥራ መልስ ግን ሌላ ሥራ አላት። ራሷ የጻፈችውን ታሪክ ራሷ እየተረከች ትቀዳለች፤ ባሕር ዳር ያለ አንድ ወጣት ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ይጭንላታል። ያን ዓመት፣ በሁለት ሺህ አሥር፣ ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ብቅ ብሎ ሳምንት ስለሚጠፋ፣ ቅጂውን በፍላሽ አድርጋ ለሚኒባስ ረዳት ትሰጣለች። ረዳቱ በዱርቤቴ፣ በመራዊ አድርጎ መነኻሪያ ድረስ ያደርስላታል።

ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባውም ነበር። ንግሥቴ ድምፅ እንዳያስተጋባባት ቁም ሣጥኗን ከፍታ፣ ራሷን ቀሚሶቿ መሐል ከታ ነው የምትተርከው። ይህን ያየች አንዲት ጎረቤት በማግስቱ ጠበል ይዛላት መጣች። አንዳንዱ ደግሞ በዚያ ዘመን ቤቱን ዘግቶ ለብቻው የሚያወራ ሰው ለማን እንደሚያወራ ይጠረጠራልና፣ ለጥቂት ጊዜ ሰላምታ ቀነሰባት። ኋላ እውነቱ ታወቀ። እውነቱ ሲታወቅ ግን ማይክ ያላት መሆኑም አብሮ ታወቀ።

የእድር አገር ነው። ትልቅ ድስት ያለው ሰው ድስቱ የሱ ብቻ አይደለም፤ አግዳሚ ወንበር ያለው ሰው ራሱ የሚቀመጥበት ያጣል። ማይኩም እንደ ድስቱ ወጣ። ለአንዱ ለቅሶ ሄደ፣ ለሌላው ክርስትና ሄደ፤ ከዚያ ቡሬ አጠገብ አንድ ሠርግ ላይ ከሞንታርቦው ጋር ተጭኖ ሄደና፣ ሲመለስ ወንፊቱ ተጨፍልቆ፣ አረቄ አረቄ እየሸተተ ተመለሰ። ማን አበላሸው? ማንም። ሸጋዬ «እኔ ስቀበለውም እንዲሁ ነበር» አለ፤ አለቀ።

በዚያ ማይክ የቀዳችውን ስትልክ ባሕር ዳር ያለው ወጣት ደወለላት። «እትየ ንግሥቴ፣ ጋን ውስጥ ገብተሽ ነው እንዴ የምትተርኪው?» አላት። በሁለተኛው ግን አልቀለደም። «ታሪኩ ያንቺ እንደሆነ ይቀጥል፤ ድምፁ ካልጠራ ግን የምታነበው ሌላ ልጅ አለችኝ» ብሎ ቁርጡን ነገራት።

ይህን በሰማች ቀን ንግሥቴ እራት አልበላችም። የገዛ ታሪኳን ሌላ ሴት በሌላ አፍ! ሰብሊ የምትባለዋን ያቺን የፈጠረቻትን ቁጡ አማት፣ የአዲስ አበባ ልጅ እንደ ዜና ስታነባት ታያት።

ስለዚህ ማይክ ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ ቡሬ ሄደች። የቡሬው ባለሱቅ ማይክ የሚፈትነው በሩ ላይ ባቆመው ሞንታርቦ ነው፤ የገደል ማሚቶውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ። «ሄሎ፣ ሎ፣ ሎ… ይኼኛው እስከ በሬ ተራ ድረስ ይሰማል!» አላት።

«እኔ እስከ በሬ ተራ እንዲሰማ አልፈልግም። የሚሰማኝ ሰው ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ነው የሚሰማኝ።»

«ጆሮው ድረስ ከተጠጋሽማ ማይክ ምን ያደርግልሻል?»

ከቡሬ ተናዳ ወጣች። የባሕር ዳሩ ነጋዴ ግን ከማሳየቱ በፊት ጠየቃት፤ «ቤትሽ ውስጥ ምን ምን ድምፅ አለ?» አላት። ከጀርባ ወፍጮ ቤት እንዳለ፣ እናቷ እንደሚያስሉ፣ ዶሮም እንዳላት ነገረችው። ይኼኔ የሚያብረቀርቀውን፣ እሷም ዓይኗን የጣለችበትን ማይክ አንስቶ መልሶ መደርደሪያው ላይ ሰቀለው። «ይኼ ጸጥ ላለ ክፍል ነው። እናንተ ቤት ከገባ ዶሮዋም ትተርካለች» አለ። ከዚያ ከአፍ አጠገብ ያለውን ብቻ የሚሰሙ ሁለት ማይኮች አወጣላት። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ የታሪኳን መጀመሪያ በቃሏ አለችው። ምራቋን ስትውጥ ሳይቀር ተሰማት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ነጋዴው ግን በትህትና ወደ ውጭ ተመለከተ።

«ሁለቱም ይሆኑሻል» አለ። «ይኼኛው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚሰካ። ያኛው ግን ድምፁ ትንሽ ሞላ ይላል፤ ደግሞ ኮምፒውተርም ላይ ሞንታርቦም ላይ ይሰካል። እኔን ብትጠይቂኝ ያኛው ይሻልሻል።»

ሞንታርቦ የሚለውን ስትሰማ ያ የተጨፈለቀ ወንፊት፣ ያ የአረቄ ሽታ መጣባት።

«ሞንታርቦ ላይ የማይሰካውን ስጠኝ።»

«ዋጋው ቀነስ ስላለ ነው?»

«አይደለም። እድርተኛ ስለሆንኩ ነው።»

እንዲህ አድርጋ የገዛችውን ማይክ ነው እንግዲህ፣ ገና አንድ ክፍል እንኳ ሳትቀዳበት፣ ሦስት ሰዎች ጋቢ አጣፍተው «ልንዋስ» ያሏት።

«አይሠራም» አለች። «ሞንታርቦ ላይ አይሰካም። ለኮምፒውተር ብቻ ነው።»

«ማይክ ማይክ ነው» አለ ሸጋዬ።

«አንተ ዝም በል! አንተን አላናገርኩም!»

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ» አሉ አያ አዛናው። «አልሰጥም ማለትሽ ነው ወይስ አይሠራም?»

«አይሠራም ነው የምልዎ፤ ምነው አያ፣ ዋሽቼዎት አውቃለሁ?»

መሪጌታ ወደ ጣሪያው አንጋጠው ለማንም ያልሆነ ነገር ተናገሩ። «ደስታነሽ ባሏን አያ ዘሩን ቀብራ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ሰው እንዴት ይጠራ፣ ማን ይብላ ማን ይቅር በምን ይነገር? በባዶ ጉሮሮ እንጩህ እንግዲህ። ሟች ድምፅ የለውም፤ የሕያው ደግሞ ተቆልፎበታል።»

«መሪጌታ፣ ቅኔዎን ለተዝካሩ ያስቀምጡልን!» አለች ንግሥቴ። «ለደስታነሽ እንጀራውን እኔ አልጋግር አልኩ? ወጡን አልሠራ አልኩ? ሌሊቱን አብሬያት አላደርኩም? ደግሞ እኔ የያዝኩት ሁሉ የእድር ነው እንጂ የእድሩ ጥፋት የማንም አይደለም! ያኛውን ማይክ ስትመልሱልኝ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ‹አበላሽተንብሻል› አለኝ?»

ከመደቡ ላይ ጋቢ ተንቀሳቀሰና እናቷ እማማ እናኑ ቀና አሉ።

«ስጫቸው» አሉ።

«እማዬ!»

«ስጫቸው አልኩሽ። እኔ ያለ ማይክ ብቀበር ቅሬታ የለኝም። ያለ ሰው ግን አትቅበሪኝ።»

ንግሥቴ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቁም ሣጥኑ ሲንኳኳ ተሰማ። ማይኩን ከነካርቶኑ አምጥታ ሸጋዬ ጭን ላይ አኖረችው።

«ይኸው። ሰካው።»

ሸጋዬ ገመዱን ፈትቶ ጫፉን አገላበጠው። ጠፍጣፋ ነው፤ የሱ ሞንታርቦ ደግሞ የሚቀበለው ድቡልቡል ነው። ጥቂት አሰበና እጁን ኪሱ ከተተ። «ችግር የለም» አለ፤ «ይኼን ጫፉን ቆርጠን የኛን እንቀጥልበታለን።» ሴንጢውን ከፈተ።

ንግሥቴ እንዴት እንደደረሰችበት እሷም አታውቅም። ማይኩ ደረቷ ላይ ነው፣ የሸጋዬ ጠላ ጋቢው ላይ ነው፣ መሪጌታ በርጩማቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ሸሽተዋል።

«ቆርጠን? ቆርጠን! እስቲ ምላስህን ቆርጠን እንቀጥልበት! ያኛውን ጨፍልቀህ፣ ይኼኛውን ልታርደው ሴንጢ ይዘህ መጣህ?»

«ኧረ እትየ፣ ሽቦ እኮ ሽቦ ነው…»

«ሸጋዬ፣ ሴንጢውን እጠፍ» አሉ አያ አዛናው። ሸጋዬ አጠፈ።

ንግሥቴ ላፕቶፑን አምጥታ ሰካችው። ማይኩን ለአያ አዛናው አቀረበችላቸው። «ይናገሩ።»

«ምን ልናገር?»

«የፈለጉትን።»

አያ አዛናው ዙሪያቸውን አዩ። «እ… የእድሩ አባላት በሙሉ… እኔ አዛናው ነኝ።» ንግሥቴ የጆሮ ማዳመጫውን አደረገችላቸውና የተናገሩትን መልሳ አሰማቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ ነኝ ይሄ? እንዲህ አርጅቻለሁ?»

«ማይኩ የሚሰማው እንዲህ ነው። ቅርብ ያለውን፣ ለአንድ ሰው ጆሮ። ለድንኳን አልተሠራም።»

«እንግዲያው ላፕቶፑንም አብረን እንዋሰውና በሱ በኩል…» ሲል ሸጋዬ ጀመረ።

«ላፕቶፑንም፣ ቁም ሣጥኑንም፣ እኔንም ጭናችሁ ሂዱ!»

«ተው አንተ!» አሉ አያ አዛናው። «ተዝካር ላይ ኮምፒውተር? ወጥ ቢደፋበት ደግሞ ልታርደን ነው። በቃ። ልጂቱ አልዋሸችም፤ አይሠራም። እኛም በጉሮሯችን እንጮሃለን፤ አያ ዘሩ ሲኖሩም ጩኸት ይወዱ ነበር።»

መሪጌታም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤቱ ቀዝቀዝ አለ። እማማ እናኑ ተመልሰው ጋደም አሉ። ንግሥቴ እንኳ ጆጉን አንስታ የሸጋዬን ብርጭቆ ልትሞላለት ዘንበል ብላ ነበር። ሸጋዬ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጋቢውን እየጠረገ ግን እንዲህ አለ፦

«ያኛውም እኮ ድሮም ደካማ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ደኅና ማይክ አንዴ ስለወደቀ እንደዚያ አይሆንም።»

ጆጉ ቀና አለ።

«ወድቋል ማለት ነው?» አለች ንግሥቴ።

ሸጋዬ መሪጌታን አየ። መሪጌታ አያ አዛናውን አዩ። አያ አዛናው መሬቱን አዩ። ንግሥቴ ቆማ ጠበቀች። አንዲት ቃል ነበረች የምትጠብቀው። ቅድም ሳይለምኗት የሰጠቻቸው ይቅርታ አሁን ቆጫት።

አያ አዛናው በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ነገሩን ሊያለዝቡት ፈልገው ነው፤ በደጉ ድምፃቸው ጠየቋት።

«መቸም ሞንታርቦ ላይ የማይሰካውን ሆን ብለሽ አልገዛሽውም። ነጋዴው ለአንቺም ለእኛም የሚሆን ሌላ ስላልነበረው ነው አይደል፣ ልጄ?»

እማማ እናኑ ከመደቡ ላይ በዓይናቸው፣ በቅንድባቸው፣ በመላ ፊታቸው «በይው፣ አልነበረም በይ» አሏት።

ንግሥቴ የማይኩን ገመድ እጇ ላይ ቀስ እያለች ጠቀለለች።

«ነበረው እንጂ አያ» አለች። «እንዲያውም የሚሻለው እሱ ነበር።»