ማቆሚያው ላይ የተሰጣው

ልጃችን ከተወለደች ወዲህ ብሩሽ አልነካሁም። ባለቤቴ የሥዕል ሸራ ማቆሚያዬን የሽንት ጨርቅ ማስጫ ስታደርገው የተሰበረ እግሩን በገመድ አሰርኩላት። ሰዓሊው አብሮ አደጌ ልጅቷን ሊጠይቅ መጥቶ ማቆሚያውን ትክ ብሎ አይቶት ሄደ።

ዛሬ ልጄን ታቅፌ ኤግዚቢሽኑን ላይለት መጣሁ። ሰው የከበበው ሥዕል የኔው ማቆሚያ ነው፤ ከነጨርቆቹ፣ የተሰበረ እግሩን ካሰርኩበት ገመድ ጋር።

«አልከፋህም አይደል?» አለኝ አብሮ አደጌ ቀስ ብሎ።

«ምን ይከፋኛል፤ አሳምረህ ሠርተኸዋል።»

እውነትም አሳምሮታል፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። እኔ አራት ወር ሙሉ በቀን አሥር ጊዜ ሳየው የከረምኩትን እሱ ባንድ ጊዜ አየው።

ልጄን ወደ ግራ ክንዴ አዛወርኳት። ቀኝ እጄ ሳላስበው ወደ ሥዕሉ ተዘረጋ፤ ጨርቆቹ ደርቀው እንደሆነ ሊዳስስ።