ከጉንጭ የተቆረጠው

ታፔላ ጸሐፊው ከመሰላል ወድቆ የብረት አጥር ላይ የተፈናጠጠው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ያን ጊዜ እግሩ መሃል አብጦ ዳነና ተረሳ። ቆይቶ ግን ሽንቱ እየቀጠነ መጣ፤ መጀመሪያ ክር አከለ፣ በኋላ ጠብ ጠብ ሆነ። እሱ ሽንት ቤት ገብቶ እስኪወጣ ሚስቱ ልብስ አጥባ ታሰጣለች።

«እዚያ የምትከርመው ምን ሆነህ ነው?»

«ሐሳብ ይዞኝ።»

«ሽንት ቤት ብቻ የሚመጣ ሐሳብ ምን ዓይነት ነው?»

አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ሽንቱ እምቢ ሲለው፣ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። የተነሳውን የራጅ ፊልም ብርሃን ላይ ሰቅላ፣ የሽንት ቧንቧው በጠባሳ የጠበበበትን ቦታ አሳየችው።

«ከፍተን እናሰፋዋለን» አለች። «መጣፊያውን ከጉንጭዎ ውስጥ እንወስዳለን።»

«ከየት?»

«ከጉንጭዎ። የውስጡ ሽፋን እርጥበት የለመደ ነው።»

ሰውዬው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ጣሪያውን አየች።

እሱን ያስጨነቀው ግን ቢላው ሳይሆን ታላቅ እህቱ ነበረች። እሷ ጆሮ የገባ ወሬ ሬዲዮ ይቀድማል። ስለዚህ «መንጋጋዬን ሊነቅሉልኝ ነው» ብሎ አስነገረ። ‹ጉንጬንስ ይነኩት የለ፣ ግማሹ እውነት ነው› እያለ ራሱን አጽናና።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። በማግስቱ እህቱ በፔርሙዝ ሾርባ ይዛ መጣች። ጉንጩ ኳስ አክሏል፤ ውሸቱ አምሮለታል።

«እኔን፣ ወንድምዓለም። ምን አድርገው ነው የነቀሉልህ?»

«እምም» አለ፤ አፉ አይከፈትም።

እህቱ ወንበር ልትስብ ጎንበስ ስትል፣ አልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት አየች። ቱቦውን በዓይኗ እየተከተለች ብርድ ልብሱ ድረስ ወጣች። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረች።

«አንቺ» አለች፣ «የዚህ ልጅ መንጋጋ ሥሩ የት ድረስ ነው?»

ሚስቱ መቻል አቃታት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ የላዩም የታቹም ስፌት ተወጠረበትና በሳቁ መሃል አለቀሰ። ሚስቱ ሁሉንም ስትነግራት እህቱም ከትከት ብላ ሳቀች፤ ቆይታ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይህን ያህል ጊዜ እያማጥክ ዝም አልከኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቱቦው ወጣ። ነርሱ ብዙ ውሃ አጠጥቶ፣ የሽንትን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ያለበት ክፍል አስገባው። ሚስቱና እህቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን በሩ ላይ ጣሉ። ከዚያ ዶፍ ቆርቆሮ ላይ እንደወረደ ያለ ድምፅ መጣ።

«እሰይ» አለች እህቱ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ዞሮ አያት። ታፔላ ጸሐፊው ዓይኑ ቀልቶ ወጣ።

እንደፈራው ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። እሱም ሰው እንዳያየው ሳምንት ሙሉ ከሱቁ ጀርባ ሠራ። አንድ ጠዋት ብሩሽ ሲያጥብ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ መጥቶ አጠገቡ ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የእኔ እንኳ ያን ያህል አይደለም» አለ መሬት መሬት እያየ፤ «ግን የሐኪሟ ክፍል ስንት ቁጥር ነበር ያልከኝ?»

ታፔላ ጸሐፊው ስለ ክፍሉ ቁጥር ነግሮት አያውቅም ነበር። ቢሆንም ብሩሹን አራግፎ አስቀመጠ፣ ሱቁን ቆለፈና «ና፣ እኔው አደርስሃለሁ» አለው።